ሚዛኑ «ደህና ነዎት» ያላት እናቴ

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከእናቴ፣ ከ11 ዓመቷ ልጄና ከወንድሜ ልጅ ጋር ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የቆመ ወጣት «እማማ፣ ይለኩ እንጂ!» አለ። ሚዛኑ ኪሎ ብቻ የሚያሳይ የድሮው ዓይነት አልነበረም። ቁመትም ለክቶ፣ ሁለቱን አሰልቶ፣ «ቀጭን»፣ «ጤናማ» ወይም «ወፍራም» የሚል ወረቀት ይሰጣል።

እናቴ ቁመቷ 1.50 ሜትር፣ ክብደቷ 50 ኪሎ፤ ውጤቷ 22፣ «ጤናማ»። ጂም የሚሠራው የወንድሜ ልጅ 1.70 ሜትርና 84 ኪሎ፤ ውጤቱ 29፣ «ወፍራም»። ልጄ 1.40 ሜትርና 33 ኪሎ፤ ውጤቷ 17 ገደማ፣ «ቀጭን»። ሦስቱንም ወረቀቶች ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሦስቱንም አመንኳቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን በየማዕዱ «ጨርሺ!» እያልኩ አስጨነቅኋት። የወንድሜ ልጅ እራት መብላት ተወ። እናቴ ግን ውሃ ይጠማት ጀመር፤ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች፣ እግሬን አቃጠለኝ ትላለች። «ስኳር ይሆን እንዴ?» ስትለኝ፣ «እማዬ ደግሞ! ወፍራም እንኳ አይደለሽ፣ ሚዛኑም ደህና ነሽ ብሏል» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ላይ አላላክክም።

ከወራት በኋላ እግሯ ላይ የወጣ ቁስል አልድን ሲል ሐኪም ቤት ወሰድኳት። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሯ 214 ሆነ፤ 126 ከደረሰ ወይም ካለፈና በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ይባላል። ስለ ሚዛኑ ወረቀት ስነግራት ሲስተሯ አልተከራከረችኝም። የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ የእናቴን ወገብ ለካች፤ 89 ሴንቲ ሜትር። «የቁመቷ ግማሽ ስንት ነው?» አለችኝ። 75።

ያን ጊዜ ነው ስለዚህ ቁጥር ለማንበብ የተነሳሁት። በምህጻሩ ቢኤምአይ የሚባለው ይህ ስሌት፣ ክብደትን በኪሎ ወስዶ በሜትር በተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ያካፍላል። ለአዋቂ ከ18.5 በታች ቀጭን፣ ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ስሌቱን በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ሐኪም አልነበረም፤ «አማካይ ሰው» ምን እንደሚመስል በቁጥር ለማወቅ የሚሻ የሂሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። የዛሬ ስሙን ያገኘው ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው አንሴል ኪስ ባሳተመው ጥናት ሲሆን፣ የተጠኑት ወንዶች ብቻ ነበሩ።

ቁጥሩ ስብን ከጡንቻ አይለይም። የወንድሜን ልጅ «ወፍራም» ያሰኘው ጡንቻው ነው፤ ወገቡ 82፣ የቁመቱ ግማሽ 85። ስቡ የት እንደተቀመጠም አያውቅም። ሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብ ከዳሌና ከጭን ስብ ይልቅ ለስኳርና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ቦርጭ ይመጣል፤ ሚዛኑ ላይ ያለው ኪሎ ግን ላይለወጥ ይችላል። የእናቴ 50 ኪሎ የሸፈነው ይህንን ነበር። ለልጆችም የአዋቂው መለኪያ አይሠራም፤ ውጤታቸው በዕድሜና በጾታ በተዘጋጀ ሰንጠረዥ ላይ ይነበባል። የልጄ 17 እዚያ ላይ ሲታይ እንደ እኩዮቿ ነው።

ቅጥነትም ቢሆን ዋስትና አይደለም። የጎንደር ሐኪሞች በዙሪያው ገጠር ሲከታተሏቸው ከኖሩት የስኳር ሕሙማን ብዙዎቹ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው፣ ቀጫጭንና ድሃ ገበሬዎች ናቸው። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ይህን መሰል ስኳር ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። የሰውነት ቅርጽም ያሳስታል። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የወጣ ጥናት፣ እግረ ረጃጅም የሆኑ የአርብቶ አደር ልጆች በክብደትና በቁመት ብቻ ሲመዘኑ ከእውነታው በላይ የተጎዱ መስለው እንደሚታዩ አሳይቷል። የክንድ ዙሪያ መለኪያው ግን በሰውነት ቅርጽ ያን ያህል አይታለልም።

ታዲያ ሚዛኑን እንጣለው? አይደለም። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፤ የብዙ ሕዝብን ሁኔታ በጥቅሉ ለማየት ይጠቅማል፤ በአንድ ሰው ላይም ለጥያቄ መነሻ ይሆናል። ፍርድ ግን አይደለም። እቤታችሁ ሜትር ካለ የአዋቂዎችን ወገብ ለኩ፤ ከቁመት ግማሽ በታች ቢሆን ይመረጣል። የአባትና የእናቶቻችሁን ደም ግፊትና ስኳር በየጊዜው አስለኩ፤ ቀጭን ናቸው ብላችሁ አትተዉት። ውሃ ጥም፣ የሽንት መመላለስ፣ የእግር ማቃጠልና የማይድን ቁስል ካያችሁ ደግሞ የሚዛን ወረቀት አትመልከቱ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የእናቴ ቁስል ድኗል። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፤ ጠዋት ጠዋት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች። ማታ እግሯን አጥቤ፣ በጣቶቿ መካከል ቁስል እንዳለ አያለሁ። ልጄን «ጨርሺ» ማለት ትቻለሁ። ባለሚዛኑ ወጣት ግን አሁንም ስናልፍ «እማማ፣ ይለኩ!» ይላል። እናቴም ሳቅ ብላ፣ «ልጄ፣ ወገብም ትለካለህ?» ትለዋለች።