ከኤክስ ክሮሞሶም ጋር የተያያዘ ውርስን መተንበይ፦ ከፍራፍሬ ዝንብ እስከ ቤተሰብ ምክር

ሄሞፊሊያ ያለበት ወንድ ልጅ የወለደች እናት የጤና ባለሙያን የምትጠይቀው ስለ ቀጣዩ ልጇ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚያገለግለው ስሌት በሚገባ የተብራራው በፍራፍሬ ዝንብ ላይ በተደረገ ጥናት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1910 ቶማስ ሀንት ሞርጋን በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከሚያረቧቸው ቀይ ዓይን ዝንቦች መካከል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ አገኙ። ከቀይ ዓይን ሴቶች ጋር ሲያዳቅሉት ከ3 ወንዶች በስተቀር የተወለዱት 1,237 ዝንቦች ቀይ ዓይን ነበሩ። እነዚህ እርስ በርስ ሲዳቀሉ ግን 2,459 ቀይ ዓይን ሴቶች፣ 1,011 ቀይ ዓይን ወንዶችና 782 ነጭ ዓይን ወንዶች ተገኙ፤ ነጭ ዓይን ሴት አንዲትም አልነበረችም።

የዓይኑን ቀለም የሚወስነው ዘረመል በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ሴቷ ሁለት ኤክስ ስላላት የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሸፍነዋል፤ ወንዱ ግን ከእናቱ የወረሰው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ ጉድለቱ ይገለጣል። ስለዚህ ከተሸካሚ ሴት ወንዶች ልጆች ግማሹ ነጭ ዓይን እንዲሆኑ ይጠበቃል። ከ1,793 ወንዶች 782 ብቻ መገኘታቸው የነጭ ዓይን ዝንቦች የመትረፍ ዕድል ዝቅተኛ ስለሆነ ነው፤ ስሌቱ የሚተነብየው የሚፀነሰውን እንጂ የሚያድገውን አይደለም።

በሄሞፊሊያም እንዲሁ ነው። ተሸካሚ እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅም ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው ግማሽ ነው። እናትየው ጤነኛ ከሆነች የታማሚ አባት ሴቶች ልጆች ሁሉ ተሸካሚ ሲሆኑ ወንዶቹ ግን ነጻ ናቸው። ዝንብ በመቶ የሚቆጠር ልጅ ስላላት ግማሹ በግልጽ ይታያል፤ ሦስት ወንዶች ባሉበት ቤት ግን ሦስቱም የሚታመሙበት ዕድል ከስምንት አንድ ነው። «አንዱ ስለታመመ ቀጣዩ ይተርፋል» ብሎ እናትን ማጽናናት ስሕተት ነው። በዘመድ ውስጥ ሕመሙ አለመኖሩም ሕመሙን ከመጠርጠር አያግድም፤ ጉድለቱ በአዲስ የዘረመል ለውጥ ሊመጣ ይችላልና።

ዝንብና ሰው የሚለያዩበት ነጥብም አለ። በዝንብ የወንዱ ብቸኛ ኤክስ እጥፍ ይሠራል፤ በሴት ልጅ ግን በየሕዋሱ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ በዘፈቀደ ይዘጋል። በዚህም ምክንያት የጂ-6-ፒዲ ጉድለት ተሸካሚ የሆነች ሴት ቀይ የደም ሕዋሳት ከፊሉ ጤነኛ፣ ከፊሉ ጉድለት ያለባቸው ይሆናሉ። ለቫይቫክስ ወባ ፕሪማኪን ሲታዘዝ «ተሸካሚ ብቻ ናት» ተብላ መታለፍ የለባትም። የተለመደው አለ ወይም የለም ብቻ የሚል ምርመራም እንዲህ ያለችውን ሴት ጤነኛ አድርጎ ሊያሳልፍ ስለሚችል መድኃኒቱን ስትወስድ የሽንቷን መጥቆርና የዓይኗን ቢጫ መሆን መከታተል ያስፈልጋል።