ሁለት ዓይነት «ሸክላ»፣ አንድ የብረት መርፌ

በአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት፣ በጎኑ መጠምዘዣ እጀታ ያለው የጠረጴዛ ግራሞፎን ያየ ሁሉ ቆም ማለቱ አይቀርም። ከአገር ቤት የመጡ ሸክላዎችን በሻንጣ ውስጥ ለዓመታት ጠብቆ ላቆየ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ፈተናው ይበረታል፤ የአባቱን ሙዚቃ በጥንታዊ መሣሪያ ለማድመጥ ይመኛል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሙከራ ሸክላውን ለዘለቄታው ሊያበላሸው ይችላል።

መዘዙ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። አማርኛ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ነገሮችን «ሸክላ» ብሎ ይጠራል። ቀዳሚው ላክ የተባለው ነፍሳት ከሚያመነጨው ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት ተደባልቆ የተሠራ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ ገደማ የሚዞር፣ ሲወድቅ እንደ ሳህን የሚሰበር ነው። ተከታዩ ቪኒል ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን ሲጫኑት ይለመጣል። አምሃ እሸቴ ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሳተማቸው፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሽ ሸክላዎች የዚህ የሁለተኛው ወገን ናቸው።

ግራሞፎን ኤሌክትሪክ አይፈልግም። እጀታው ሲጠመዘዝ በውስጡ የተጠቀለለው የብረት ሞላ ይወጠራል፤ ሞላው ሲላላም ሸክላውን የተሸከመውን ገበታ ያዞራል። መርፌው በሸክላው ቦይ ውስጥ ግራና ቀኝ ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ ከሚካ ወይም ከአሉሚኒየም ወደተሠራ ስስ ገበር ይተላለፋል፤ ድምፁም በጥሩምባው ውስጥ እየሰፋ ይወጣል። ድምፁን የሚያጎላ ሌላ ኃይል ስለሌለ መርፌው ሸክላውን በብርቱ መጫን አለበት። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 ግራም ይበልጣል፤ የዛሬዎቹ ጥሩ ማጫወቻዎች ግን 2 ግራም ገደማ ይበቃቸዋል።

የድንጋይ ዱቄት ያለበት ሸክላ ይህን ጫና ይችላል። እንዲያውም የመርፌውን ጫፍ ሞርዶ ከቦዩ ቅርጽ ጋር ያስማማዋል። የብረት መርፌ ለአንድ ገጽ ብቻ አገልግሎ የሚጣለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መርፌ መቆጠብ ሸክላ ማባከን ነው። ቪኒል ግን በዚህ መርፌ ሥር ይታረሳል። የተፋቀው ድምፅም አይመለስም።

ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ያስቀረጿቸው ሸክላዎች ለግራሞፎን የተሠሩ ነበሩ። እንደዚያ ያለ ብርቅ ቅርስ የገጠመው ሰውም ቢሆን በቀላል ክንድና ለ78 ዙር በተዘጋጀ መርፌ አጫውቶ ወደ ዲጂታል ቢገለብጠው ይሻላል። ግራሞፎኑ በየገበያው በርካሽ በሚገኙ ተራ ሸክላዎች ይጫወት።

ገዢው አዲስ በሚመስል አብረቅራቂ የናስ ጥሩምባ እንዳይታለል። ከአዳዲስ ክፍሎች ተገጣጥመው በታዋቂ የቀድሞ ምልክቶች የሚሸጡ አስመሳዮች በርካታ ናቸው። እጀታው ሲጠመዘዝ ቢንሸራተት ሞላው ተበጥሶ ይሆናል፤ በሥራ ላይ እያለ ውስጡ ዷ ካለ ቅባቱ ደርቋል። የሞላውን ቤት ግን ባለሙያ ይክፈተው፤ የታመቀ ሞላ ሲፈናጠር እጅ ይቆርጣል። ፍጥነቱን ለማወቅ ከሸክላው ጠርዝ ሥር ብጣሽ ወረቀት ሸጉጦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደዞረ መቁጠር ይበቃል።

ድምፅ መቀነሻ ቁልፍም የለውም። ጎረቤት ከተቆጣ ቀጭን መርፌ ማድረግ፣ በሣጥኑ ፊት መዝጊያ ካለም እሱን ገርበብ ማድረግ ነው።