«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም!» ያለው ማን ነው?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጫማ ቤት ግቡ፣ ሞባይል ቤት ግቡ፣ የቤት ዕቃ መደብር ግቡ፤ ከባለ ሱቁ ጀርባ ግድግዳው ላይ አንድ ጽሑፍ አይጠፋም። አንዳንዱ በእስክሪብቶ ሞነጫጭሮ ይለጥፈዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በፍሬም አሳምሮ ይሰቅለዋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም!» ይላል። ባሕር ዳርም ሂዱ፣ አዲስ አበባም ሂዱ ያው ነው። ከማየታችን ብዛት ሕግ መስሎን ቁጭ ብሏል።

ሰሞኑን አንዲት ወጣት እያለቀሰች መጣችብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ትዳር ከያዘች ገና ስድስት ወሯ ነው። ዕቁብ ሲወጣላት ባሏን ድንገት ላስደስተው ብላ፣ ጎረቤቷን አስከትላ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች። ነጋዴው «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 300 ብር ልቀንስልሽ» አላት። ደስ ብሏት ተቀበለች። (እዚህ ላይ እሷም ጥፋት አለባት፤ ቆይተን እንመለስበታለን።) ቤቷ ገብታ በጎመን ዘር አሟሸችው። ሊጡን ስታፈስበት ግን እንጀራው በአንድ ወገን ያራል፣ በሌላው ወገን ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። ግማሹ እሳት፣ ግማሹ በረዶ!

በማግስቱ ባጃጅ ላይ ጭና መለሰችው። ነጋዴው ዕቃውን እንኳ ሳያይ ወደ ግድግዳው ጠቆማት። «አንቺ ልጅ፣ ማንበብ አትችይም? ምጣድ መጠቀም ሳታውቂ እኔ ላይ ትመጫለሽ!» ሰው ፊት አዋረዳት። ባሏም ሲሰማ «ድሮስ ከአንቺ ምን ይጠበቃል» አለና ተኮራረፉ። እኔ ጋ ስትመጣ ምጣዱ አልጋ ሥር ተደብቋል፤ እነሱም አይነጋገሩም።

«እንዴት እንዲህ እሞኛለሁ?» ትላለች። «አይዞሽ እኅቴ፣ ብሔራዊ ባንክም ተሞኝቷል» አልኳት። እውነቴን ነው! በ2000 ዓ.ም. ባንኩ ወርቅ ብሎ ገዝቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው፣ በወርቅ የተለበጠ ብረት ነው ተብሎ ተመልሶለታል። ይሄኔ ትንሽ ሳቀች።

ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። በ2006 ዓ.ም. የወጣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 813/2006 ነው። ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ መጠቀሚያ ብሎ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች፣ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ ወይ ይለወጥልኝ፣ ወይ ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል። ሻጩ ከዚህ የበለጠ ዋስትና ሰጥቶ እንደሆነም እሱ አይቀርበትም። እንግዲህ አዋጅና የግድግዳ ወረቀት ሲጋጩ ማን እንደሚረታ እናንተው ፍረዱ።

ልብ በሉ! ጉድለት ሌላ፣ ሐሳብ መቀየር ሌላ። «የጫማው ቀለም አስጠላኝ፣ ጓደኛዬ አላማረብሽም አለችኝ» ብላችሁ ይህን አዋጅ ብትጠቅሱ አይሠራም። ያኔ ወረቀቱ ለባለ ሱቁ ይሠራለታል።

ደግሞ ነገሩ የፈረንጅ ፋሽን እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስለ ሸማቾች መብት ለኮንግረሳቸው መልእክት የላኩት እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 1962 ነው፤ ቀኑም ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሸማቾች መብት ቀን ተብሎ ይከበራል። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በ1952 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1960 መሆኑ ነው፣ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ብሎ ነበር። ይኸው ሕግ ገዢውንም ዝም አላለውም፤ ዕቃህን ቶሎ መርምር፣ ጉድለት ስታገኝ ሳትዘገይ ለሻጩ አስታውቅ ይለዋል። በግልጽ እየታየ ዓይንህን ጨፍነህ ከገዛኸው ግን ማንም አያዝንልህም።

አሁን ወደ ደረሰኙ። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው፤ ለምነን የምናገኘው ችሮታ አይደለም። «ልቀንስልሽ» ሲባል የሚቀነሰው ነገ የምንከራከርበት ማስረጃ ነው። (እኔም ብሆን ያለ ደረሰኝ የገዛሁት ጫማ በሳምንቱ አፉን ከፍቶብኝ ዝም ብያለሁ፤ መካሪ ነኝ እንጂ ጻድቅ አይደለሁም።) ቢሆንም ደረሰኝ የለም ማለት ሽያጭ አልነበረም ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ዕቃ ለመሸጥና ለመግዛት የግድ በጽሑፍ መዋዋል አያስፈልግም፤ አብሮ የነበረ ሰው ሊመሰክር ይችላል። ለዚች ልጅ ጎረቤቷ ጠቀመቻት።

ስድቡስ? አዋጁ እሱንም አልረሳውም። ሸማች በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብት አለው ይላል። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ደግሞ ዕቃ ስላማረጥን ወይም ዋጋ ስለተከራከርን ለመግዛት አንገደድም ማለቱ ነው። ቡቲክ ውስጥ «ካልገዛህ ለምን ታስወርዳለህ!» የተባላችሁ ሁሉ ይህን ያዙልኝ።

ቀኑን ስንቆጥር ከገዛች 9 ቀኗ ነው፤ 6 ቀን ቀርቷታል። «ባልሽም ሆነ የሰፈር ጠጋኝ ምጣዱን እንዳይፈታው፤ ነጋዴው ‹አንቺ ነሽ ያበላሸሽው› ይልሻል» አልኳት። እምቢ ካለ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ። በፌዴራል ደረጃ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል። ለአንድ ምጣድ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ግን የለም።

ከጎረቤቷ ጋር ሄደች። ነጋዴው እንደለመደው ወደ ግድግዳው ጠቆመ። እሷም ሳትጮህ «ጋሼ፣ እንግዲያው ያለ ደረሰኝ መሸጥዎንም ጨምሬ ንግድ ጽሕፈት ቤት አመለክታለሁ» አለችው። «እኅቴ፣ ምን አጣደፈሽ፣ አረፍ በይ እንጂ!» ሆነ መልሱ። ሌላ ምጣድ ወጣ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ሶኬት ላይ አሰክታ፣ ውሃ ረጭታ፣ ዳር እስከ ዳር «ጭስስ» ሲል አይታ ተቀበለች። ደረሰኝ ስትጠይቅ የተቀነሰላትን 300 ብር መልሳ ከፈለች። ቅር አላላትም።

ባሏ ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ ይቅርታ አልጠየቃትም።