ስለ ዲቃላ ቡና ዘርና ስለ ገበሬው አመዛዘን

ካርቱም ቡና የሚበቅልባት ከተማ አይደለችም፤ ሙቀቱና አሸዋው አይፈቅዱላትም። ነገር ግን በከተማዪቱ በየጥላው ሥር ዝንጅብል እየገባበት ሲጠጣ የኖረው ቡና በመተማና በገላባት በኩል ከኢትዮጵያ ሲጫን የቆየ ነው፤ ሱዳናውያንም ዕቃውን እንደ ኢትዮጵያውያን ጀበና ብለው ይጠሩታል። ከመጠጡም ሌላ በቡና እርሻ ታሪክ የካርቱም ስም የሚነሣበት አንድ ምክንያት አለ። ይኸውም ቀድሞ ከርሷ ይተዳደር በነበረው ግዛት በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፤ በኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ፤ በቦማ አምባ ጫካ ውስጥ በ1940ዎቹ ዓመታት (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተገኘው «ሩሜ ሱዳን» የተባለው የቡና ዝርያ ነው። ቦማ ከ2011 ዓ. ም. ጀምሮ የደቡብ ሱዳን ሆኗል፤ የዝርያው ስም ግን አልተለወጠም።

የዚህ ዝርያ ዋጋው ብዙ ማፍራቱ አይደለም፤ እንዲያውም ምርቱ ጥቂት ነው። የሚፈለገው የቡናን ፍሬ በሽታ ስለሚቋቋም ነው። ይህ በሽታ ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ ሲሆን፤ በ1922 ዓ. ም. በኬንያ ታየ፤ በ1971 ዓ. ም. ደግሞ በኢትዮጵያ ተገኘ። ገበሬው ዛፉ አብቦ ፍሬ መያዙን አይቶ ተስፋ ካደረገ በኋላ፤ በለቀማው ጊዜ ባዶ ቅርጫት ይዞ ይመለሳል። የኬንያ ሊቃውንት ሩሜ ሱዳንን ከሌሎች ዝርያዎች ጋር እያዳቀሉ ብዙ ከደከሙ በኋላ በ1985 ዓ. ም. «ሩይሩ 11» የተባለውን ዲቃላ አወጡ። ዛፉ አጭር ስለ ሆነ ተቀራርቦ ይተከላል፤ በሽታውንም ስለሚቋቋም ለመድኃኒት ርጭት የሚወጣውን ገንዘብ ያድናል።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ዘር ከተገኘ ገበሬው ሁሉ ተሽቀዳድሞ ያልተከለው ስለ ምን ነው? በየቢሮው የሚሰጠው መልስ ገበሬው የለመደውን አይተውም የሚል ነው። ይህ መልስ ሰነፍ መልስ ነው። ዲቃላ የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ስለሚመስል የእርሻ ሠራተኞች «የተዳቀለ» ማለት ይመርጣሉ፤ ዋናው ችግር ግን በስሙ ሳይሆን በዘሩ አሠራር ላይ ነው።

የአረቢካ ቡና አበባ በራሱ ዱቄት ራሱን የሚያፀንስ ነው። ስለዚህ ሁለት ዝርያዎችን ለማዳቀል የሚፈልግ ሠራተኛ አበባው ከመፈንዳቱ በፊት ወንዴውን ክፍል በወረንጦ ነቅሎ ያወጣል፤ ቅርንጫፉን በከረጢት ይሸፍናል፤ አበባውም ለመፀነስ ሲደርስ ከሌላው ዛፍ ያመጣውን ዱቄት ይቀባል። ይህ ሁሉ ድካም ከአንድ አበባ የሚያስገኘው ብዙውን ጊዜ ሁለት ፍሬ ዘር ብቻ ነው። አበባውም በዝናብ ተነሣሥቶ በአንድነት ስለሚፈነዳ ሥራው የጥቂት ቀኖች ሽሚያ ነው። ከዚያም ወዲህ ገበሬው ከዲቃላው ዛፍ ለቅሞ ቢዘራ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም፤ አንዱ ይረዝማል፤ አንዱ ያጥራል፤ በሽታ የመቋቋሙም ኃይል ከሁሉ አይገኝም። ስለዚህ አዲስ ችግኝ በፈለገ ቁጥር ወደ ችግኝ ጣቢያው መመለስ ግዴታው ነው።

በኬንያም የታየው ይኸው ነው፤ ሩይሩ 11 የሚፈልገው ሰው በዝቶ ዘሩ አልበቃ አለ። ስለ ጣዕሙም ከነጋዴዎች ዘንድ ጥርጣሬ ተነሣ። በ2010 ዓ. ም. የወጣው «ባቲያን» የተባለው ዝርያ ግን በዘሩ እናቱን መስሎ ስለሚበቅል የእጅ ማዳቀል አያስፈልገውም።

በኢትዮጵያም ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በጅማ አጠገብ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ጣቢያ፤ በሽታው በገባ ጊዜ በደህና ከቆሙት ዛፎች እየመረጠ 741፣ 74110፣ 74112 እና የመሳሰሉትን ዝርያዎች አወጣ። እነዚህ ዲቃሎች ሳይሆኑ ምርጦች ናቸው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ዘር እየተቀባበለ በሰፊው ተከላቸው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጡት «አባ ቡና»፣ «መልኮ ሲ. ኤች. 2» እና «ጋዌ» የተባሉት ዲቃሎች ግን ምርታቸው ከፍ ያለ ሲሆን እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፉ አልቻሉም። በሲዳማና በጌዴኦ ደግሞ ገበሬው ኩሩሜና ወሊሾ የሚላቸውን የአባቶቹን ዓይነቶች አልነቀለም፤ ገዢው ከሩቅ የሚመጣው ለእነርሱ ጣዕም መሆኑን ያውቃልና።

ቡና ለማፍራት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል። ጥቂት መሬት ያለው ሰው አሮጌውን ነቅሎ ይህን ያህል ዘመን ያለ ምርት ሲቀመጥ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ስለዚህ ዳር ዳሩን አዲሱን ተክሎ መካከሉን ለአሮጌው ቢተው አመዛዘኑ ትክክል ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ስብሰባ አደረግህ ተብሎ ሳይሆን፤ ዝናብ ሲጀምር ችግኙ ለገበሬው ቅርብ በሆነ ስፍራ ደርሶ ነበርን ተብሎ ነው።

የማዳቀሉን ድካም ለማቃለል በሌላ አገር የተሞከረ መንገድ አለ። በኮስታ ሪካ ከሚገኘው የቡና ዘር ስብስብ ውስጥ፤ ትውልዷ ከኢትዮጵያና ከሱዳን ወገን የሆነ፤ የራስዋ ዱቄት የሌላት አንዲት ዛፍ ተገኘች። ወንዴውን ክፍል መንቀል ስለማያስፈልግ «ማርሴዬዛ» ከተባለው ዝርያ ጋር ጎን ለጎን ትተከላለች፤ ማዳቀሉንም ነፋስና ነፍሳት ይሠሩታል። ከርሷ የተገኘው ዲቃላ «ስታርማያ» ይባላል። እርሱም ቢሆን ዘሩ ከገበሬው ማሳ ተለቅሞ ቢዘራ እናቱን አይመስልም።