መሄጃው ለምን ይረዝማል?



ባደግሁበት በቀጨኔ፣ ልጇን ወደ ዋሽንግተን የሸኘች እናት አንድ ነገር ታስተውላለች፤ አውሮፕላኑ ሲሄድ ነዳጅ ለመቅዳት እመንገድ ያርፋል፤ ሲመለስ ግን በቀጥታ ይመጣል። ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ግፊትም የክንፉ የማንሣት ኃይልም ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነትና ለጉዞው የሚበቃ ነዳጅ በአንድነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። የዋሽንግተኑ ደለስ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በተጨማሪም ከምዕራብ የሚነፍሰው የሰማይ ነፋስ መመለሻውን ያግዛል፤ ጉዞው በ13 ሰዓት ገደማ ይጠናቀቃል።

እናት ለልጇ የምትልከው የቀጨኔ ጀበናም ክብደት አለው፤ ከነዳጁ ጋር አብሮ ይመዘናል። ስለዚህ ርቀትን በኪሎ ሜትር ብቻ አንለካው፤ የምንነሣበትን ከፍታና የምንሸከመውንም እንቍጠር።