የኤሌክትሪክ አንገት ቀበቶ በውሻ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና በምትኩ ሊደረግ የሚገባው

በጎችን የሚያባርር ውሻ ለባለ መንጋ ትልቅ ጠንቅ ነው። የተነከሱት ብቻ ሳይሆኑ በድንጋጤ የሮጡትም ይጎዳሉ፤ ያረገዙትም ሊጨነግፉ ይችላሉ። ይህን ጠባይ ለማስተው በአንዳንድ አገሮች የኤሌክትሪክ አንገት ቀበቶ ይሠራበታል። መሣሪያው ፈጣን መፍትሔ ቢመስልም ብዙ ችግር አለው።

አሠራሩ

ቀበቶው ባትሪ፣ የሬዲዮ ሞገድ መቀበያና የውሻውን ቆዳ የሚነኩ ሁለት የብረት ጫፎች አሉት። ባለቤቱ በእጁ የያዘውን መቆጣጠሪያ ሲጫን ንዝረቱ በውሻው አንገት ላይ ያልፋል። ኃይሉን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ይሁን እንጂ የጠጉሩ ርዝመት፣ የቆዳው እርጥበትና የቀበቶው ጥብቀት ስለሚለያይ ለአንዱ ውሻ ቀላል የሆነው ንዝረት ለሌላው ብርቱ ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ

ውሻ ሕመሙን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ከሚያየውና ከሚሰማው ነገር ጋር ነው። ባለቤቱ ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ ውሻው በግ ማባረሩን ሳይሆን አጠገቡ የቆመውን ሕፃን ወይም ጌታውን የሕመሙ ምክንያት አድርጎ ሊይዝ ይችላል። ከዚህ የተነሣ ፈሪ ወይም ተናካሽ ይሆናል። ቀበቶው ለረዥም ሰዓት ካልተፈታም የብረት ጫፎቹ አንገቱን ያቆስሉታል።

በጀርመን አገር በ14 ውሾች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ይህን ያስረዳል። ሰው ሠራሽ ጥንቸል በነኩበት ቅጽበት ብቻ የተነዘሩት ውሾች ብዙም አልተጨነቁም። ያለ ምክንያት በዘፈቀደ የተነዘሩት ግን በምራቃቸው ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞን ከሁሉም በላይ ጨምሮ ተገኝቷል። በመስክ ላይ ቅጽበቱን ሳያሳልፉ መጫን እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ አደጋው የሚመጣው ከዚህ ነው።

በእንግሊዝ አገር ሲጠሩ በማይመጡና እንስሳ በሚያባርሩ 63 ውሾች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ደግሞ ቀበቶው በሽልማት ከማሠልጠን የተሻለ ውጤት እንዳልሰጠ አሳይቷል። በቀበቶ የሠለጠኑት ውሾች ይበልጥ ተጨናንቀው ታይተዋል። በግ በብዛት የሚረባባት ዌልስም እ.ኤ.አ. በ2010 ቀበቶውን በሕግ ከልክላለች።

በምትኩ ሊደረግ የሚገባው

1. ውሻውን ከቡችላነቱ ጀምሮ በገመድ ይዞ ከበጎች ጋር ማለማመድ።

2. ሲጠሩት በመጣ ቁጥር ወዲያው ቁራሽ ሥጋ ወይም ዳቦ መስጠትና ማመስገን። ዘግይቶ የመጣ ውሻ ከተመታ ሁለተኛ መምጣትን ይፈራል።

3. ጥሪ መቀበሉ እስኪረጋገጥ ድረስ በረዥም ገመድ መያዝ።

4. ያልሠለጠነ ውሻ በጎች በተሰማሩበት መስክ አለመልቀቅ።

5. ጠባዩ በድንገት ተለውጦ መናከስ የጀመረ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ለማሠልጠን አለመሞከር፤ ሰውና ከብት እንዳይጠጉት አድርጎ በአካባቢው ላለው የእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ከላይ የተገለጸው ስለ ቀበቶው ብቻ አይደለም። ዱላና ድንጋይም ጊዜያቸውን ካልጠበቁ በውሻው ላይ የሚያሳድሩት ፍርሃት ያው ነው። መንጋን የሚጠብቅ ውሻ የሚገኘው ጌታውን ከሚያምን እንጂ ከሚፈራ ውሻ አይደለም።