ሁለት ማህፀን፣ አንድ ቀን

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 1890፣ ማንቸስተር አጠገብ ባለችው ፕሬስትዊች፣ ዋልተር ሂፕ የተባለ እንግሊዛዊ ከአንዲት የአንጎራ ጥንቸል ሁለት ፅንሶች አወጣ። አንጎራ ጸጉሯ ረጅም፣ እንደ ሱፍ የሚፈተል ዝርያ ናት። ፅንሶቹ ገና አራት አራት ሕዋስ ብቻ ነበሩ። ሂፕ በመርፌ ጫፍ አንስቶ ወደ ሌላ ጥንቸል የእንቁላል ቱቦ አሻገራቸው። ተቀባይዋ ቤልጂያን ሄር የምትባል ጸጉረ አጭር ዝርያ ስትሆን፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ከራሷ ዓይነት ወንድ ጋር ተጣምራ ነበር። ቀኗ ሲደርስ ስድስት ወለደች። አራቱ እሷንና ወንዱን መሰሉ። ሁለቱ አንጎራ ነበሩ፦ ነጭ፣ ጸጉረ ረጅም፣ ሌላው ቀርቶ ራሳቸውን ቀስ አድርጎ የማወዛወዝ የዝርያቸው ልማድ እንኳ ያልቀረባቸው።

ሂፕ ይህን ያደረገው ለከብት እርባታ ብሎ አይደለም። ያረገዘችው እናት የራሷን መልክ በእንግዳው ፅንስ ላይ ታሳርፍ እንደሆነ ማየት ፈልጎ ነው። ማህፀኗ እንግዳውን አሳደረ እንጂ መልኩን አልለወጠም።

አሁን ያንን መርፌ ወደ ከብት በረት እናምጣው። ጊደር ስትወለድ በሁለቱ የእንቁላል ዕጢዎቿ ውስጥ ከ100,000 በላይ የእንቁላል ጥንስስ ይዛ ነው። በዓመት አንድ ጥጃ እየወለደች ግን ዕድሜዋን በሙሉ ዐሥር ብታደርስ ትልቅ ነገር ነው። ምርጥ ላም ያለው ሰው የሷን ፅንሶች በተራ ላሞች ማህፀን ቢያሳድግ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ለመገመት ሒሳብ አዋቂ መሆን አያሻም። ሆኖም ከሂፕ ጥንቸሎች እስከ መጀመሪያው ጥጃ ድረስ 60 ዓመት ፈጀ። ጥጃው የተወለደው በ1950 መጨረሻ፣ በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ነው። ኤልዊን ዊሌትና ባልደረቦቹ የአምስት ቀን ፅንስ ከታረደች ላም አውጥተው፣ የሌላዋን ሆድ በቀዶ ሕክምና ከፍተው አስገቡላት።

ለምን ይህን ያህል ዘገየ? ፅንሱ እንዲጸና የሰጪዋና የተቀባይዋ የዑደት ቀን መቀራረብ አለበት። ለሂፕ እንስሳዋ ራሷ ነበረች የረዳችው። ጥንቸል የራሷ የቀን መቁጠሪያ የላትም። እንቁላል የምትለቀው ወንድ ካገኘች በኋላ፣ 10 ሰዓት ያህል ቆይታ ነው። ሁለት ጥንቸሎችን አንድ ቀን ላይ ማዋል የፈለገ ሰው ወንዱን በመረጠው ሰዓት ማስገባት ይበቃዋል። ላም እንዲህ አይደለችም። እረኛ «ኮርማ ፈለገች» የሚላት በ21 ቀን አንዴ ነው። ፍላጎቱ ግማሽ ቀን ግድም ቆይቶ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት፣ ማንም ሳያያት። እንቁላሉ የሚለቀቀው ደግሞ ፍላጎቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከሃያ ላሞች መካከል ከፅንስ ሰጪዋ ጋር አንድ ቀን ላይ የዋለች አንዲት ብትገኝ ነው።

ፅንስ የማብዛቱ ነገር እንኳ ቀደም ብሎ መላ አግኝቶ ነበር። በ1930 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮልና ሃርት ከእርጉዝ ባዝራ ደም ውስጥ የእንቁላል ዕጢን የሚቀሰቅስ ሆርሞን አገኙ። ለላም ቢወጓት አንድ እንቁላል ትለቅ የነበረችው ብዙ ትለቃለች። ማጓጓዙም ቢሆን ብልሃት አላጣም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካምብሪጅ የእንስሳት ሐኪሙ ሮውሰንና አጋሮቹ የበግ ፅንሶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲልኩ፣ በሕያው ጥንቸል የእንቁላል ቱቦ ውስጥ አስቀምጠው ጥንቸሏን በአውሮፕላን ጫኗት። ለሚያያት አንዲት ጥንቸል ናት፤ በሆዷ ግን የበግ መንጋ ይዛለች። ፅንሶቹ እዚያ ወጥተው በዶርፐር በጎች ማህፀን ገቡ፤ የእንግሊዞቹ የቦርደር ሌስተር ግልገሎችም ተወለዱ።

የቀኑ ጉዳይ ግን አልተፈታም። እንዲያውም በ1966 ሮውሰንና ሙር በበጎች ላይ በቁጥር አረጋገጡት፦ ሰጪዋና ተቀባይዋ ወንድ የፈለጉበት ቀን ከሁለት ቀን በላይ ከተራራቀ ፅንሱ አይጸናም። ምክንያቱንም አገኙ። የበግ ፅንስ እስከ 12ኛው ቀን ድረስ ማህፀን ውስጥ ሆኖ «አለሁ» ካላለ፣ በጓ ማህፀኗ ባዶ እንደሆነ ቆጥራ ዑደቷን እንደገና ትጀምራለች።

የመፍትሔው ፍንጭ ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ ነበር። በ1923 ሊዮ ሎብ የተባለ ጀርመን ተወላጅ ተመራማሪ በአሜሪካ የጊኒ ፒግ ማህፀን ቆርጦ አወጣ፤ የእንቁላል ዕጢዎቹን ግን በቦታቸው ተዋቸው። እንቁላል ከተለቀቀበት ስፍራ ላይ ቢጫ አካል የሚባል ዕጢ ይበቅላል። ይህ አካል ፕሮጄስትሮን ያመነጫል፤ እሱ እስካለ ድረስ አዲስ እንቁላል አይለቀቅም። እርግዝና ከሌለ ሰንብቶ ይከስማል። ማህፀን በሌላቸው የሎብ እንስሳት ግን አልከስም አለ፤ የእርግዝናን ያህል ዕድሜ አገኘ። እንግዲህ የእንቁላል ዕጢውን የሚያዘው ማህፀን ነው ማለት ነው። በምን?

በ1960ዎቹ የተደረገው ነገር ለእኔ ከሁሉ ያስደንቀኛል። ተመራማሪዎች የበግን የእንቁላል ዕጢ ነቅለው አንገቷ ላይ ተከሉት። ቢጫው አካል እዚያ ሆኖ አልሞትም አለ። ማህፀኑንም ጨምረው አንገቷ ላይ ሲተክሉላት ዑደቷ ተመለሰ። መልእክተኛው ሩቅ የማይሄድ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚሻገር ነገር ነበር። በ1972 ማክራከንና ባልደረቦቹ መልእክተኛውን በስሙ ጠሩት፦ ፕሮስታግላንዲን ኤፍ ሁለት አልፋ። ከማህፀን በሚወጣው የደም መልስ ይመጣና፣ በእንቁላል ዕጢው ደም ወሳጅ ላይ ተጠግቶ ሲያልፍ በቀጥታ ወደዚያኛው ይሻገራል።

የስሙ ነገር ራሱ ስህተት ነው። ፎን ኦይለር የተባለ ተመራማሪ በ1930ዎቹ የዚህን ቤተሰብ ንጥረ ነገር ያገኘው በወንድ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ስለነበር ከፕሮስቴት ዕጢ የመጣ መሰለው። ሴቷን የሚያዝ ነገር የወንድ ስም ይዞ ቀረ።

በዚያው በ1972 ሮውሰን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ፕሮስታግላንዲንን ለላሞች ሞከረ። ቢጫው አካል ከሰመ፤ ላሞቹም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተያይዘው ኮርማ ፈለጉ። በዓመቱ ሮውሰንና ኢያን ዊልመት፣ ኋላ በቅጂ በተፈጠረችው በግ በዶሊ የታወቀው፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከቀዘቀዘ ፅንስ «ፍሮስቲ» የተባለውን ጥጃ አገኙ። አሁን የፅንሱ ሰዓት እንዳሻው ይቆማል። የተቀባይዋ ሰዓት ግን አይቆምም። የሰባት ቀን ፅንስ ዛሬም የሚፈልገው ከሰባት ቀን በፊት ኮርማ የፈለገችን ላም ነው።

የፕሮስታግላንዲን መርፌ ወደ አገራችን ገበሬ የደረሰው በፅንስ ዝውውር ሳይሆን በሰው ሰራሽ ማዳቀል በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐዋሳና ዲላ፣ በአዲግራትና መቀሌ አካባቢ የብዙ ገበሬዎችን ላሞች በአንድ ጊዜ በሆርሞን የማዘጋጀት ዘመቻ ተጀመረ። አዳቃዩ ለአንዲት ላም ብቻ ብሎ ሩቅ መንገድ ከሚሄድ፣ ላሞቹ አንድ ስፍራ ተሰብስበው በአንድ ቀን ይጠብቁታል።

ከመውጋቱ በፊት ግን ረጅሙን ጓንት እስከ ክንዱ አጥልቆ በፊንጢጣ በኩል ይዳስሳታል። ካረገዘች መርፌው ያስወርዳታል። በእንቁላል ዕጢዋ ላይ የበሰለ ቢጫ አካል ከሌላት ደግሞ መድኃኒቱ የሚሠራበት ነገር የለውም። ስለዚህ ቆም ብሎ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ጣቶቹን እያላወሰ ይፈልገዋል፦ ከዕጢው ላይ ወጣ ያለች አነስተኛ ጉብታ። ስትገኝ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ረዳቱም መርፌውን ያቀብለዋል።